በሑዳዴ የተመረጠው ከበሮ

እታገኝ ከበሮ ያልመታችለት ሰርግ በእኛ በሰቆጣ ሰፈር እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር። ሽማግሌዎች ቀን ሲቆርጡ መጀመሪያ የሙሽራውን ወገን፣ ቀጥሎ ቄሱን፣ ከዚያ እሷን ይጠይቁ ነበር፤ ነገረኞቹ ግን ከቄሱ በፊት ነው የምትጠየቀው ይላሉ። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ጎርናና፣ ሳቋ ከአጥር ወዲያ የሚሰማ ሴት ነች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጥጥ እየፈተለች አንዲት ልጇን ዮርዳኖስን አሳድጋለች። ከበሮውን በገንዘብ መታ አታውቅም። እግዚአብሔር እጄን የሰጠኝ ለሰው ደስታ ነው ትላለች፤ በጠላው ላይ ግን አትደራደርም።

በአንድ ሐምሌ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ቁልቁለቱ አንሸራተታትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። ወጌሻ አሻት፣ አሰረላት፣ አጥንቱም ገጠመ፤ አንጓዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጣቶቿ ደኅና ናቸው፤ ትፈትልባቸዋለች፣ ትሰፋባቸዋለች። መዳፏን አንሥታ ከበሮ ላይ ስታሳርፍ ሕመሙ እስከ ክርኗ ይወጣል። አንድ ሁለት ጊዜ ትመታና እጇን ብብቷ ውስጥ ትከታለች።

ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ ዳኛ ሆነች። በእሷ ቦታ የገባችው ጥሩሐረግ የምትባል ወጣት ነበረች። አመታቷ መጥፎ አልነበረም፣ ብቻ ትቸኩላለች። እታገኝ ከጎኗ ቁጭ ብላ አንድ ቃል አትናገርም። ጥሩሐረግ ስትቸኩል ግን የእታገኝ ቅንድብ ከፍ ይላል፤ በጣም ስትቸኩል ደግሞ የጠላ ጣሳዋን መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ጣሳው በተቀመጠ ቁጥር ጥሩሐረግ እጇ ይተሳሰርባታል። እንዲህ ከምትቀመጥብኝ ብትሰድበኝ ይሻለኛል ብላ ለጓደኞቿ አማርራ ነበር።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው ዮርዳኖስ ስትታጭ ነው። እጮኛዋ ትእዛዙ የሚባል ከወዲያ ማዶ ካለው አገር፣ የፃግብጂ ልጅ ነው፤ ሰርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ። እታገኝ ልጅቷ ገና ስትድህ ጀምራ፣ የእሷን ሰርግ ከእኔ በቀር ማንም አይመታም እያለች ለአገሩ ሁሉ ተናግራለች። አሁን ያገኛት ሁሉ ጥሩሐረግ አለችልሽ፣ አይዞሽ ይላታል። እሷም ዝም ትላለች። እታገኝ ዝም ስትል ደግሞ እኛ ሰፈር ውስጥ ሰው እንደታመመ ነው የምንቆጥረው።

በገበያው መውጫ ላይ የካሴት ሱቅ ያለው ምሳው የሚባል ጎልማሳ አለ። ካሴት ይሸጣል፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ደግሞ የሰርግ ዘፋኞችን ይቀርጻል። ከደሴ ኮምፒውተር አምጥቶ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌር ጭኖበት፣ አስተማሪ ስላልነበረው ያለውን ቁልፍ ሁሉ እየተጫነ ተማረው። አልሆን ያለው ከበሮው ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣው ከበሮ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእኛ አገር ዘፋኝ ቃሉን ሊስብ ትንሽ ዘግየት ሲል ከበሮው ጥሎት ያልፋል። ባንቺ የምትባለው የምሳው ሚስት፣ ይኸ ከበሮ የት ቀጠሮ እንዳለው ጠይቅልኝ እስቲ እያለች ትቀልድበት ነበር።

እታገኝ አንድ ቀን ለሰርጉ የሚሆን ካሴት ልትመርጥ ወደ ሱቁ ገባች። ምሳውም በልቡ የነበረውን ነገር አወጋት። ሳምፕለር የሚባል አሮጌ መሣሪያ አለ፤ ፊቱ ላይ የጎማ ቁልፎች የተደረደሩበት ሣጥን ነው። እውነተኛ ከበሮ አንድ ጊዜ ተመትቶ ድምፁ ይቀረጽበታል። ከዚያ በኋላ ቁልፉን በጣት ሲነኩት ያው ከበሮ ይጮኻል፤ ሳሳ አድርገው ቢነኩት ሳስቶ፣ ጠበቅ አድርገው ቢነኩት ጠንክሮ። በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይያያዛል፤ ሰው እየመታው ስለሆነም ዘፋኙን ይጠብቃል።

እታገኝ ካሴቶቹን ማየት ተወች።

"በጣት?" አለችው።

"በጣት ብቻ፣ እትዬ።"

"የሚጮኸው የማን ከበሮ ነው?"

"የእርስዎ ነዋ። እጅዎ ለአንድ ምት ከቻለ ሌላውን ጣትዎ ይጨርሰዋል።"

ምሳው መሣሪያውን አዲስ አበባ ሄዶ ሊገዛ ያሰበው ከፋሲካ በኋላ፣ የሰርጉ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነበር። እሷ ያን ያህል ጊዜ የላትም። እንግዲያው አሁኑኑ ሄጄ መርጬ ላምጣው ቢላት፣ "የእኔን ጫማ በአንተ እግር ልትለካ ነው?" አለችው። ለዮርዳኖስ ልብስ የምትገዛበት ጉዳይም ስለነበራት አብረው ሊሄዱ ተስማሙ።

የቀረው እንቅፋት ጾሙ ነበር። ጊዜው ሑዳዴ ነው። በሑዳዴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከበሮና ጸናጽሏን ታሳርፋለች፤ የሰርጉ ከበሮማ ከግድግዳ አይወርድም። እታገኝ በጾም ከበሮ ነካች እንዳትባል ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ ወልደ ሐዋርያት ሄደች። አባ ነገሩን ደጋግመው ጠየቋት። ቆዳ አለው? የለውም። ታዲያ በምን ይጮኻል? በመብራት። መብራት ካልተሰካስ? ዝም ይላል። አባ ፈገግ አሉ።

"እንግዲያ ሳትሰኩት እዩት፣ ልጄ" አሏት፤ መስቀል አሳልመው አሰናበቷት።

ይህን ለምሳው ስትነግረው እየቀለደች መስሎት ስቆ አለፈው። አውቶቡሱ በኮረም አድርጎ፣ ወልድያ አሳድሮ፣ አዲስ አበባ ሲያደርሳቸው ምሳው መንገዱን ሁሉ ሲያወራላት የነበረው ስለ ድምፅ ጥራት ነው። እሷም በትዕግሥት ትሰማው ነበር።

ሻጩ ኪዳኑ የእኛው አገር፣ የጽጽቃ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ጋር ከበሮ ይመታ ነበር፤ ኋላ አዲስ አበባ ቀርቶ አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ እየጠገነ ይሸጣል። ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀበላቸው። የአገሩን ሰው ሲያይ ደስ ብሎት ከእታገኝ ጋር በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ወሬ ተያያዙ። አገር ቤት የሞተውንና የወለደውን ሁሉ ጠይቆ እስኪጨርስ ምሳው በመሣሪያዎቹ ዙሪያ ሲዞር ቆየ።

ኪዳኑ ሁለት ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አቀረበ። ሦስተኛም ነበረው፤ ግን ቁልፎቹ አለቅጥ ረግፈው ስለነበር እታገኝ፣ ይህማ እንደ እኛ ሰፈር ባልቴት ጥርስ የለውም ብላ አስመለሰችው። ከሁለቱ አንዱ ቀጭን፣ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የዓለም ከበሮ ሁሉ ተሞልቶበት ነው የመጣው፤ የምሳው ዓይን ከእሱ ላይ አልነሣ አለ። ሌላው ሰፊ ግራጫ ሣጥን ነው፤ ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል፤ ዕድሜው ከዮርዳኖስ የሚያንስ አይመስልም። ሆዱ ባዶ ነው። የሚጫወተው የሰጡትን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሰጡትንም ይረሳል። እንዳይረሳ ከተፈለገ ፍሎፒ ዲስክ በሚባል ስስ ማስቀመጫ ላይ ቀርጾ በየጊዜው መልሶ ማጉረስ ያስፈልጋል።

ኪዳኑ ይህን አስረድቶ የመጀመሪያውን ሊሰካ ገመዱን አነሣ። እታገኝ ነጠላዋን ሰብስባ ሶኬቱ ፊት ተቀመጠች።

"አይሰካም" አለች።

"እንዴት ነው የማይሰካ?"

"ጾም ነው። አባ ሳትሰኩት እዩት ብለውኛል።"

ምሳው እንደማትቀልድ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከበሮ የሚገዛው ለድምፁ እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጡትም ለዚሁ እንደሆነ ለመናት። ኪዳኑም አንዴ ብቻ ላብራው፣ በተለይ የአሮጌውን ፍሎፒ ማንበቢያ ካየሁት ቆይቻለሁ ብሎ ጠየቃት። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እስቲ ወደዚህ አቅርቡልኝ አለች።

መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ጭኗ ላይ አደረገችው። ቁልፎቹ ደረቅ ናቸው፤ ጥፍሯ ቀጭ ቀጭ አለ። ጥቂት ሞክራ እጇን አራገፈች፤ በር እንደማንኳኳት ነው አለች። ቀጥሎ ግራጫውን አስቀመጡላት፤ ከክብደቱ የተነሣ አቃሰተች። የጎማ ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገች። ከጣቷ ሥር ትንሽ ሰጠም ብለው ይመለሳሉ። ወፍራሙን ምት በግራ፣ ቀጭኑን በቀኝ አድርጋ ጀመረች። ቀስ ብላ ገባች፤ አንጓዋ ከሣጥኑ ጠርዝ ላይ እንዳረፈ ጣቶቿ ብቻ ይሄዳሉ። በክፍሉ ውስጥ ከጎማው ለስላሳ ትፍትፍታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

ኪዳኑ ጣቶቿን ሲያይ ቆየና፣ "ይኸ የሙሽራ መውጫ ምት ነው" አለ። ወዲያው ትከሻው መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ኪዳኑ፣ ጾም ነው፤ ትከሻህን ሰብስብ" አለችው።

ምሳው የመጨረሻ ሙግቱን አቀረበ። ይህ ሣጥን መብራት በጠፋ ቁጥር የሚረሳ ነው፤ ሰቆጣ ደግሞ መብራቱ ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። እታገኝ ጣቷን ከጎማው ላይ ሳታነሣ፣ እኔም መርሳት ጀምሬያለሁ፣ እየተጋገዝን እናስታውሳለን አለችው። ገንዘቡን የሚከፍለው ምሳው ቢሆንም የሚመታው እሱ አይደለም፤ ይህን ያውቃል። ተስማማ። ኪዳኑ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ሲጠቀልል፣ ደንቆሮ ሆኖ ከበሮ የገዛ ሰው ከእናንተ በፊት አላየሁም እያለ ይስቅ ነበር።

ግራጫው ሣጥን የቀረውን ጾም በእታገኝ ቤት፣ ከአልጋዋ ራስጌ፣ ነጠላ ለብሶ አሳለፈ። ሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ ከርመን ትንሣኤን በደስታ አየን፣ ስሙ ይመስገን። በማግሥቱ ሰኞ ምሳውና እታገኝ ሣጥኑን ወደ ሱቁ ጀርባ አስገብተው ሰኩት። የሣጥኑ የጽሑፍ መስኮት አረንጓዴ ሆኖ በራ። ባንቺ እልል አለች። ምሳው ከበሮ ከመቅረጹ በፊት ማስቀመጫውን ልይ ብሎ ፍሎፒ ዲስክ አጎረሰው። ሣጥኑ ዲስኩን እንደ ወፍጮ ሲያንገራግጭ ቆየና ዝም አለ። ሌላ ዲስክ ሰጠው፤ እንደገና አንገራገጨ። ማንበቢያው ሞቷል። ይህ ማለት ሣጥኑ የሰጡትን ይቀበላል፣ ግን ማቆየት አይችልም፤ መብራቱ አንዴ እልም ካለ የእታገኝ ከበሮ በሰርጉ መካከል እልም ይላል፣ መልሶ የሚያጎርሰውም አይኖርም።

ነገሩ ወዲያው በሰፈሩ ተሰማ። አባ ወልደ ሐዋርያት ሳይቀሩ ሰምተው መጡ። ሣጥኑን አይተው፣ ታሪኩን ሰምተው፣ ጢማቸውን ያዙ።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነበር" አሏት።

እታገኝ ጉልበታቸውን ስማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። በዚያው ምሽት ጥሩሐረግን አስጠርታ፣ የዮርዳኖስን ሰርግ አንቺ ትመቺያለሽ፤ ስትመቺ አትቸኩዪ አለቻት። ጥሩሐረግ ደስ ይላታል ብለን ስንጠብቅ የእናትን ቦታ ነጠቅሁ ብላ አልቅሳ ወጣች።

ምሳው ግን ሱቁን ዘግቶ ቀረ። ተናዶ ሣጥኑን ሊነቅለው ሲል በጀርባው በኩል ያሉትን የገመድ ቀዳዳዎች አየ፤ በገመድ ይያያዛል ብሎ ለእታገኝ የነገራትም ትዝ አለው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ሰካው፤ አንዱን የጎማ ቁልፍ በጣቱ መታው። በሶፍትዌሩ መስኮት ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ብቅ አለች። ጠበቅ አድርጎ መታው፤ ምልክቷ ረዘመች። ሳሳ አድርጎ መታው፤ አጠረች። ሣጥኑ ራሱ ማስታወስ ባይችልም፣ ጣት እንዴት እንደነካው ለኮምፒውተሩ ይናገራል ማለት ነው። እንግዲያው የእታገኝ ከበሮ ሶፍትዌሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ መብራት ቢሄድም ሲመለስ እዚያው ይገኛል። ለባንቺ ሲያስረዳት ሣጥኑ እጅ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ራስ ይሆናል አላት። እሷም፣ እንደ እኔና አንተ በለኛ አለችው፤ የትኛው ማን እንደሆነ ሳትነግረው ወጥታ ሄደች።

በማግሥቱ እታገኝን ለምነው አመጧት። ከበሮው በጾሙ ቆዳው ላልቶ ስለነበር ፀሐይ ላይ አውለው አጠበቁት። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ዶሮ ጮኸ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ የጠፋችበትን በግ ጠየቀ። ሦስተኛው ላይ እታገኝ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን አንሥታ፣ በሰፊው ፊት አንድ፣ በጠባቡ አንድ አሳረፈች። ከዚያ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ቁጭ አለች።

ምሳው ድምፆቹን በቁልፎቹ ላይ አደላድሎ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አደረገላት። በጣቷ ነካችው። የራሷ ከበሮ በስፒከሩ ወጣ፤ ብቻ ከጣቷ ኋላ ኋላ እያለ። እታገኝ ምሳውን አየችው።

"ጥሩሐረግ ትቸኩላለች፤ ይኸ ደግሞ ያዘግማል። መካከለኛ ከበሮ የለህም?" አለችው።

ምሳው ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ ሲጎረጉር ዋለ። ዘግየቱን ሲቀንሰው ድምፁ ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩን ሲያጠፋው ዘግየቱ ይመለሳል። ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አላስፈላጊ ነገር ሁሉ አራግፎ፣ ባንቺ የምትወደውን የካርታ ጨዋታ ሳይቀር አጥፍቶ፣ ጣትና ድምፅን አገናኛቸው። እታገኝ እስኪመሽ መታች። ባንቺ የካርታው ነገር ያበሳጫት ዓርብ ነው፤ ሐሙስ ማታማ ስታጨበጭብ ነበር።

እሑድ ከሥርዓተ ተክሊሉ በኋላ ሰው ዳሱ ውስጥ ሞላ። ሁለት ወጣቶች ኮምፒውተሩን፣ አንድ ሰው ሣጥኑን፣ ምሳው ገመዱን ተሸክመው ሲገቡ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ሊታይ ነው ብሎ ቦታ ያዘ። ሁሉንም በጥግ ጠረጴዛ ላይ አሰናዱት። እታገኝ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣ ጀመረች። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ግን አንድም ሰው አልተነሣም። ሴቶቹ ተሰብስበው የኮምፒውተሩን መስኮት ያያሉ። በእኛ አገር ጭብጨባ የሚገባው የመቺዋን ፊት እያዩ ነው፤ መቺዋ ክቡ መሐል ትሆናለች፣ ዓይኗ ይጠራቸዋል። የእታገኝ ፊት ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተደብቋል።

"ምሳው፣ ገመዱን አስረዝምልኝ" አለች።

ተሯሩጦ ሄዶ ረጅም ገመድ አመጣ። በርጩማዋን አንሥታ ዳሱ መካከል ተቀመጠች፤ ሣጥኑ ጭኗ ላይ። ጥሩሐረግ ጭብጨባውን ትመራ ዘንድ ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ጥሩሐረግ ተቀመጠች፤ የጠላ ጣሳዋን ይዛ እታገኝን ትኩር ብላ አየቻትና ጣሳውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዳሱ ሁሉ ቀድማ የሳቀችው እታገኝ ነች። ሳቋ ሳያልቅ ጣቶቿ ገቡ፤ ጭብጨባው ተከተለ፤ ወንዶቹም ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሰው ያየሁ አይመስለኝም። አባ ወልደ ሐዋርያት እንኳ በእጃቸው መቋሚያ ስላልነበረ ጃንጥላቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጉ ነበር።

ሙሽራዋ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። በዚህ ሰዓት የሙሽራ እናት ታለቅሳለች፤ ሴቶቹም ሊያባብሏት አጠገቧ ይቆማሉ። እታገኝ ግን እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ማልቀሻ አላገኘችም። ዮርዳኖስ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስትስም እንኳ ጣቷ አልቆመም፤ በአገጯ ራሷን ነካ አድርጋ አሳለፈቻት። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳዘጋጁ ቀሩ። በፊት ቢሆን ከበሮዋን አንጠልጥላ ሰርገኛውን እስከ መንገዱ ትሸኝ ነበር። አሁን ከገመዱ በላይ መሄድ አትችልም።

"ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙረው" አለችው ለምሳው።

አዞረው።

"ድምፁን ጨምረው።"

ጨመረው። ሰርገኛው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወዲያ ማዶ ባለው ዳገት ላይ ነጭ ነጥብ እስኪሆን ድረስ የሙሽራ መውጫውን መታች። ዳሱ ውስጥ የቀረነው ቆመን እናጨበጭባለን። ነጥቧም ከዳገቱ ወዲያ ስትሰወር ጣቶቿን ከጎማው ላይ አነሣች።

"ሰምታው ይሆን?" አለች።

"ሩቁ ሰሃላ እንኳ ሳይሰማው አልቀረም፣ እትዬ" አላት ምሳው።

ያን ጊዜ ሣጥኑን ከጭኗ አውርዳ ለጥሩሐረግ አስያዘቻትና እንደ ደንቡ አለቀሰች።